ከልክ ደብተሬ ጀርባ

ማክሰኞ፣ 3 (የጻፍኩት እሑድ ነው)

መርዶው የመጣው የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጥኩ ሳለሁ ነው። የትምህርት ቤት ሸሚዝ፣ ነጭ። ስልኩን ያነሳችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ስፌት ቤቱን የምንሠራው ሁለታችን ነን። «አዎ፣ እህቷ ነኝ» አለች። ከዚያ ሰማች፣ ሰማች፣ ዘጋችው።

«እታለም፣ ልጅቷን ትንሽ አሟታል አሉ። ሆስፒታል ናት። ተነሽ እንሂድ።»

«ትንሽ ካመማት ካውያውን ጨርቅ ላይ ለምን ረሳሽው?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ ወጥቶበት ይጨሳል። ያን ጊዜ አወቅሁ። እህቴ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስትኖር አንድ ጨርቅ አቃጥላ አታውቅም።

ልጄ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው። ጠዋት ተማሪዎቿ ፊት ጠመኔ እንደያዘች ወድቃለች፤ እኛ ስንደርስ አልቋል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «ሕመሙ ወራት የቆየ ነው። በጣም ከስታ ነበር እኮ፤ ማንም አላየም?» አለን። እህቴ «አብራን አትኖርም» አለችው። እኔ የጋወኑን የላላ ቁልፍ እያየሁ ነበር።

ሌላ ወረቀት አጥቼ ይህን ደብተር ከጀርባው ጀመርኩት። ከፊት በኩል ያለው የደንበኛ ልክ ነው። እሱን አልገልጠውም።

ሐሙስ፣ 5 (ይኸም ዛሬ የተጻፈ)

ቀበርናት። ዘነበ። ቤት ስገባ እግሬ ላይ ያለው የሰው ጫማ ሆኖ አገኘሁት። እስካሁን የእኔ ነው ያለ የለም።

ማክሰኞ፣ 10

የመጣው ሰው ሁሉ «ያን ሁሉ ተምራ!» ይላል። መማር ዕድሜ የሚቀጥል ይመስል።

ብርጭቆ ልወስድ ጓዳ ስገባ አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ «እሷው አይደለች ስትገፋት የኖረችው፤ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እያለች» ስትል ሰማሁ። ብርጭቆውን ሳልወስድ ተመለስኩ።

እኔ ልጄን የገፋኋት ብስክሌት ሳለማምዳት ነው። ኮርቻውን ይዤ። ሌላ አላስታውስም።

ሐሙስ፣ 12

ቢሮዋን ልናነሳ ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፤ መስኮቱ የሚያየው የብስክሌት ማቆሚያውን ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ ብስኩት በናፕኪን ተጠቅልሎ አለ። ከበሩ ጀርባ የሰፋሁላት ሰማያዊ ጃኬት ተሰቅሏል፤ ፕላስቲኩ እንኳን አልወለቀም። ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ልትለብሰው ነበር። እህቴ ጃኬቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ መጽሐፍ መደርደር ጀመረች።

የክፍሉ ኃላፊ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲያወራ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«እናቴ፣ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋ ኮሚቴው ዘንድ ነው ያለው። ሰው ካረፈም በኋላ ማዕረጉን መስጠት ይፈቀዳል። በሐውልቷም ላይ ይጻፍላታል።»

«ታዲያ ምን ቀረው?»

«ቁጥሩ ነው። የጽሑፎቿ ቁጥር። እሱን ላይብረሪያኑ ያስረዳዎታል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚመጣው ወር ዓርብ፣ በአሥራ አንድ ነው።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የማደርግላት ነገር እንዳለ ታወቀኝ።

ሰኞ፣ 16

ሰኞ ስፌት ቤቱን ስለምንዘጋ ላይብረሪያኑ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ሊወጣ ዓመት የቀረው ሰው ነው። መምህራኑ ቆጣሪው ይሉታል፤ የእያንዳንዳቸውን ጽሑፍ ለኮሚቴ የሚቆጥረው እሱ ነው። ፊት ለፊቱ አስቀመጠኝና «ይግቡ እናታችን። እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ነፍሱን የምመዝን ይመስለዋል። እኔ ግን ሚዛን የለኝም፤ መቁጠሪያ ብቻ ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሰው የጻፈው ብቻውን አይበቃም። ሌላ ቦታ ያለ ሰው በራሱ ጽሑፍ ውስጥ «እገሊት እንዳለችው» ብሎ ስሟን መጥራት አለበት። ማጣቀስ ይሉታል። ቁጥሩ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ ስምንት ጽሑፍ ካላት፣ እያንዳንዳቸውም ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከተጠሩ፣ ስምንት ትባላለች። ኮሚቴው የሚፈልገው ስምንትን ነው። ከቦርሳዬ ቁልፍ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቼም አይጠፋኝም። ያን ጊዜ ገባኝ።

«የልጅዎ ሰባት ነው» አለኝ። «ሰባቱ ጽሑፎች ከስምንትም ያልፋሉ። አንዱማ ስልሳ አንድ ጊዜ ተጠርቷል። ስምንተኛው ነው ሰባት ላይ የቆመው።»

«ስልሳ አንድ ያለው ለታናሹ አንዷን ቢያካፍለው ምን አለበት?»

መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «እሱን ለኮሚቴው ይንገሩልኝ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሳስብ ይህ አልመጣልኝም።»

እኔም ሳቅኩ። አውቶቡስ ውስጥ ነው መሳቄ ትዝ ያለኝ። ልጄ ከሞተች አሥራ ሦስት ቀኗ ነው።

ረቡዕ፣ 18

አንዲት ደንበኛ ቀሚስ አዘዘች። እህቴ «ልኳ ደብተሩ ላይ አለ እኮ» አለችኝ። «እንደ አዲስ ለኪያት» አልኳት። «ምነው?» አለች። ሰው ይለወጣል አልኳት።

ሰኞ፣ 23

ዛሬም ሰባት።

ቆጣሪው የልጄን ስምንተኛ ጽሑፍ ከማሽኑ አውጥቶ ጠበቀኝ። በባዕድ ቋንቋ ነው የተጻፈው። «በየሰኞው አንድ አንድ ገጽ እየተረጎምኩ እጽፍልዎታለሁ» አለና በእጁ የጻፈውን የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠኝ። ጽሕፈቱ የድሮ ሰው ጽሕፈት ነው፤ ጥርት ያለ።

ሰው ልጅሽ ምንድነው የምታጠናው ሲለኝ «ዓለም አቀፍ ሥራ አመራር» እል ነበር፤ ቃሉን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤው። ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ አነበብኩ። ባሕር ማዶ ያለ ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ያሉትን ሠራተኞች እንዴት እንደሚያዝ ነው። ሆቴል አለ፣ ፋብሪካ አለ። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ስፌት ቤቶች ነው። ልብስ ሰፊዎችን አነጋግራለች። ስማቸው አልተጻፈም፤ ሰፊ ቁጥር አንድ፣ ሰፊ ቁጥር ሁለት እያለች ነው።

ሰፊ ቁጥር አራት እንዲህ አለች ይላል፦ «እዚያ ማዶ ያለው ሰው የሚያየው በሰዓት ስንት ሸሚዝ እንደወጣ ነው። ሜትሩን ብቻ ነው የሚያየው። ሜትር የማያየውን እጅ ያያል።»

ይህ የእኔ ንግግር ነው። ከዓመታት በፊት፣ ለውጭ ድርጅት ሸሚዝ በኮንትራት ስንሰፋ፣ ገበር እየቆረጥኩ ያልኩት። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እየጠየቀችኝ ስትጽፍ ነበር፤ የቤት ሥራ መስሎኝ «አትንጫጪብኝ፣ ጠመኔውን አቀብዪኝ» ብያታለሁ። ሰፊ ቁጥር አራት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ተጣቅሻለሁ ማለት ነው?» አልኩት።

«እርስዎማ ከሁላችን ቀድመዋል» አለኝ።

ረቡዕ፣ 25

ድንጋይ ጠራቢው ጋ ሄድን። ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ አቧራው ቅንድቡ ላይ ተጋግሯል። ከስሟ ፊት ለማዕረጉ ቦታ እንዲተው ነገርኩት።

«ስንት ፊደል ነው?» አለኝ።

«ገና አልተወሰነም።»

«እመቤት፣ ድንጋይ እንደ ልብስ ትርፍ ስፌት የለውም። በኋላ ልክፈተው ብትይ አይከፈትም። ሲወሰን ነይ።»

እህቴ መንገድ ላይ «መምህርት ብንለውስ? መምህርት ናት» አለች። አኮረፍኳት።

ሰኞ፣ 30

ሰባት። ሁለተኛውን ገጽ ተቀበልኩ።

ቆጣሪው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ መምህር ገባ። የልጄ የሥራ ባልደረባ ነው፤ የሚያጠናው የውጭ ባለቤት ያላቸውን ሆቴሎች ስለሆነ ሆቴሉ ይሉታል። ጥሩ ልብስ ይለብሳል፤ የትከሻው ስፌት ግን ተጎትቷል።

«እናቴ፣ ሰምቻለሁ። አንድ ጽሑፌ በዚህ ሳምንት ይወጣል፤ የመጨረሻ እርማት ላይ ነው። አንድ መስመር እጨምርበታለሁ። ስሟን ጣል አደርጋለሁ። በቃ፣ ስምንት ሆነች።»

«ስለ ስፌት ነው ጽሑፍህ?»

«ስለ ሆቴል ነው። አንሶላም እኮ ይሰፋል» ብሎ ሳቀ።

«የእሷን አንብበኸዋል?»

«ርእሱን አይቼዋለሁ። ግድ የለም፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።»

እጁን ይዤ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ለእናትህ ያኑርህ አልኩት። ከወጣ በኋላ ቆጣሪው ወረቀቶቹን ሲያስተካክል ቆየና፣ «ይህን ለእሷም ብሏት ነበር፤ አንቺ የእኔን ጥሪ፣ እኔ ያንቺን። ያላነበብኩትን አልጠራም ብላው ሄደች። ያን ጊዜ ስድስት ነበረች» አለኝ።

ልጅ ናት፤ የዓለምን ነገር አታውቅም ነበር አልኩት። እሱም «ይሆናል» አለ።

ሐሙስ፣ 3

እንቅልፍ የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ስልክ የተደዋወልነው ከሞተችበት ማክሰኞ በፊት ባለው እሑድ ነው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እማዬ፣ ደከመኝ» አለችኝ። የመለስኩላትን አልጽፈውም።

ቀደም ብላ ጃኬቱን ልትለካ የመጣች ጊዜም አንድ ነገር ብያታለሁ። እሱንም አልጽፈውም።

ሰኞ፣ 7

ዝናብ ስላላቋረጠ አልሄድኩም። የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ደወለ።

«እናቴ፣ አይዞዎት። የባልደረባዋ ጽሑፍ ዘግይቶ ሐሙስ ይወጣል። ስብሰባው ዓርብ ነው። ትንሽ ነው የቀረው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። «እናቴ? ይሰሙኛል? ትንሽ ነው የቀረው እኮ፣ አንድ ብቻ።»

እሰማለሁ አልኩት። እህቴ ወንበር አመጣችልኝ። የማን ቃል እንደሆነ አውቄው ነበር።

ማክሰኞ፣ 8

ዛሬ እህቴን ገበያ ልኬ በሩን ዘጋሁ። ደብተሩን ከፊት በኩል ገለጥኩት።

የልጄ ገጽ የመጀመሪያው ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያለው አለ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የሄደችበት ቀሚስ ወገቡ ሃምሳ ሁለት። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ በአንድ ዓመት ቁመቷ ዘጠኝ ሳንቲም ጨምሯል፤ እጅጌዋን ሦስቴ ነው የለቀቅሁት። የተመረቀችበት። ማስተማር የጀመረችበት። ከዚያ አምና፦ ደረት 92፣ ወገብ 74፣ ዳሌ 100።

ከዚያ በታች፣ ከአራት ወር በፊት፣ ለሰማያዊው ጃኬትና ጉርድ፦ ደረት 85፣ ወገብ 65፣ ዳሌ 91።

እኔ አንድ የሥራ ልማድ አለኝ። የደንበኛ ልክ ሲለወጥ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ፤ በድሮው ልክ እንዳልቆርጥ። እህቴንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስልሳ አምስት ከሚለው ሥር ሁለት መስመር አለ። ቀጥ ያሉ ናቸው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አይቼዋለሁ ማለት ነው። አይቼ፣ አስምሬ፣ ቆረጥኩ።

ያን ቀን የሆነውን እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ይህን ሁሉ ወረቀት በከንቱ ነው ያበላሸሁት።

እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ቆማለች። እኔ ስፒል በአፌ ይዣለሁ። «ቀጠንሽ፤ አማረብሽ» አልኳት። «ሥራው ነው እማዬ» አለች። ወገቧን ሳዞር ሸሸት አለችኝ። «እዚህ ጋ ይወጋኛል። ሰንብቷል። ሐኪም ጋ ልሂድ እያልኩ...»

ስፒሉን ከአፌ እንኳን አላወጣሁም። በጥርሴ መሃል ነው ያልኳት፦ «ፋይልሽን አስገቢና ትሄጃለሽ። ትንሽ ነው የቀረሽ።»

«እሺ እማዬ» አለች። ልጄ እሺ ማለት ታውቅበታለች።

በዚያ እሑድ በስልክ ደከመኝ ስትለኝም የመለስኩላት ያንኑ ነው። ትንሽ ነው የቀረሽ።

ሜትር የማያየውን እጅ ያያል ብዬ ነበር። እሷም አምናኝ ለዓለም ጻፈችው። ሜትሩ አይቶ ነበር። ነግሮኝም ነበር። እጄ ነው ያላየው።

ረቡዕ፣ 9

ኃላፊው ጋ ደወልኩ። የሆቴሉ ሰው መስመሯን እንዲያወጣት ነገርኩት። ደነገጠ።

«እናቴ፣ ምነው? ሰው አስቀየመዎት?»

«ማንም አላስቀየመኝም። እሷ ያላነበበችውን አልጠራችም። ያላነበባትም አይጥራት።»

«ማዕረጉ እኮ ሊቀር ነው።»

«ይቅር» አልኩት። ድምፄ እንዲህ ረግቶ ወጥቶ አያውቅም።   እህቴ ደብተሩ ተገልጦ እንደነበር አይታለች፤ ያን ገጽ በጨርቅ ሸፍናዋለች።

ዓርብ፣ 11

ሰባት ብለው ዘጉት።

ሰኞ፣ 14

ቆጣሪው ዘንድ ሄድኩ፤ የቀረውን ትርጉም ልቀበል። ገጽ በገጽ መሆኑን ትቶ ሁሉንም ጨርሶ በክር ሰፍቶት ጠበቀኝ። ስፌቱ አያምርም፤ ዘንጥሎታል። አልነገርኩትም።

«ተቀመጡ እናታችን። አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለመምህራኑ ግን እንዳይነግሩብኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስቆጥር አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አላውቅም። ቁጥሩን አያለሁ፣ አልፋለሁ። የልጅዎን ስተረጉም ነው እጄ ያስነበበኝ። መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት።»

«ይህ ይቆጠራል ጋሼ?»

«አይቆጠርም። የሰው ማንበብ የሚገባበት ሳጥን የለም።» የሰፋውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ከካውያው ቀን ጀምሮ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። እሱ መስኮቱን ከፍቶ ጀርባውን ሰጠኝና ቆመ፤ አልቅሼ እስክጨርስ አልዞረም።

እሑድ፣ 20

ድንጋይ ጠራቢው ጋ ትናንት ሄጄ ነበር።

«ተወሰነ?» አለኝ።

«ተወሰነ። ከስሟ ፊት ምንም አታድርግ።»

«ባዶውን ቦታስ?»

«ስሟን ወደ ፊት አምጣው። ስሟ ይበቃታል።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ድንጋዩን እንደገና ለካው። እጁን አየሁት። ከለካ በኋላ ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰው። ሁለቱንም አደረገ። ሁለቱንም ማድረግ ነው ለካ።

ጃኬቱን ለሰው አልሰጠሁም። ቤት ሰቅዬዋለሁ። ወገቡን መልሼ ለቀቅሁት፤ በአምናው ልኳ፣ ሰባ አራት። ማንም አይለብሰውም። ቢሆንም ለቀቅሁት።

ደብተሩ እዚህ ላይ ከፊት ከሚመጣው የደንበኛ ልክ ጋር ሊገናኝ አንድ ገጽ ቀርቶታል። ቆጣሪውን «ደብተሩ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብዬዋለሁ፤ ከተረጎመው ጋር፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ።

ከዚያ አንስተህ የምታነበው ሰው፣ ወይም አንቺ፣ አንብበሽ ከዚህ የደረስሽ፦ ለልጄ ጸልዩላት። ጌታ ሆይ፣ የደከማትን አሳርፍ በሉልኝ፤ ደከመኝ ስትል ያልሰማትንም ይቅር በል በሉልኝ። ስሟን እኔ እዚህ አልጻፍኩትም፤ እሱ ያውቃታል፣ የማን ልጅ እንደሆነች አይጠፋውም። አንድ ጊዜም ቢሆን ይደርሳታል። ስንት ሰው እንደጸለየላት ግን አትንገሩኝ። እኔ መቁጠር ትቻለሁ።